ሦስት ወርቅና አንድ ባንዲራ

ቶኪዮ 1964 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ሲነሳ እኛ የምናወራው አበበ ቢቂላን ነው። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ባደረገ በሳምንታት ውስጥ ማራቶኑን ደገመው። በዚያው ኦሊምፒክ አንዲት የ27 ዓመት አውስትራሊያዊት የ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋን ለሦስተኛ ተከታታይ ጊዜ አሸነፈች። ከዶውን ፍሬዘር በፊት ይህን ያደረገ ዋናተኛ አልነበረም፤ ወንድም ሴትም።

ፍሬዘር የሲድኒው የባልሜይን ሰፈር ልጅ ናት፤ ከስምንት ልጆች የመጨረሻዋ፣ ያውም አስም ያለባት። ቶኪዮ ከመሄዷ ሰባት ወር በፊት መኪና ስታሽከረክር አደጋ ደርሶባት እናቷ ሞቱ፤ የእሷም አንገት ተጎድቶ በጀሶ ታሰረ። እንዲህ ሆና ነው 100 ሜትሩን በ59.5 ሰከንድ የጨረሰችው።

ከድሉ በኋላ ግን ቅጣት ጠበቃት። ጥፋቷስ? በመክፈቻው ሰልፍ አትውጪ ተብላ ወጣች። ቡድኑ ያዘዘውን ትታ የተመቻትን የዋና ልብስ ለበሰች። አንድ ሌሊት ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር ከንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት አካባቢ የኦሊምፒክ ባንዲራ ለማውረድ ሄዳ ተያዘች። ጃፓኖቹ ለቀቋት፤ ባንዲራውንም በስጦታ ሰጧት። ባለቤቱ ስቆ ያለፈውን ነገር የአገሯ የዋና ማኅበር አልተወውም፤ አሥር ዓመት አገዳት። የ1964 የዓመቱ አውስትራሊያዊት ተብላ የተሸለመችው፣ የሰፈሯ መዋኛም በስሟ የተጠራው ይህችው ሴት ናት!

እገዳው በአራተኛው ዓመት ተነሳ፤ ለሜክሲኮው ኦሊምፒክ መዘጋጃ ጊዜ ግን አልቀረም። ሜክሲኮ ላይ አሜሪካዊቷ ጃን ሄኒ ያሸነፈችው በአንድ ደቂቃ ድፍን ነው፤ ፍሬዘር ከአራት ዓመት በፊት ከገባችበት ሰዓት የዘገየ። እርግጥ የከተማዋ ከፍታ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ዕድሜዋም 31 ደርሶ ነበር። ታሸንፍ ነበር ብዬ አልምልም። አበበም እዚያው ሜክሲኮ እግሩ አልታዘዝ ብሎት 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። አበበ ግን ቢያንስ ሮጦ ነው የተሸነፈው። የፍሬዘርን ውድድር የጨረሱት ከገንዳው ውጭ የተቀመጡ አለቆች ናቸው። እኔን የሚያበሳጨኝ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ አሠለጠነች፣ ባልሜይን ውስጥ መሸታ ቤት ያዘች። ጻድቅ ላደርጋት አልሻም፤ በ2015 የስደተኛ ልጆች የሆኑ ሁለት ቴኒስ ተጫዋቾችን በቴሌቪዥን ወደ አባቶቻቸው አገር ይሂዱ ብላ ይቅርታ ለመጠየቅ ተገዳለች። አፏ ከድሮም ልጓም የለውም። ባልሜይኖች ግን በዚያው አፏ ወደዷት፤ በ1988 የፓርቲ ድጋፍ ሳይኖራት የክልሉ ምክር ቤት አባል አድርገው መረጧት። በ1991 ተወዳድራ ተሸነፈች። ይኼኛውን ሽንፈት እንኳ ያለ ቅሬታ እቀበላለሁ፤ የወሰነው መራጩ ነው።