ከሰነዱ ግርጌ የሰፈሩ ስሞች

አንባቢ ሆይ፤ ጥንታዊ የብራና ወንጌል ሲገለጥልህ ዓይንህ ቀድሞ የሚያርፈው በሐረጉና በሥዕሉ ላይ ነው። ይህም የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን ከመጽሐፉ መነሻና መድረሻ ባዶ ቀርተው በነበሩት ገጾች፣ አንዳንድ ጊዜም በኅዳጉ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል የሰፈረ ሌላ ጽሑፍ ታገኛለህ። እርሱም የጉልት ስጦታ፣ የርስት ሽያጭ፣ የውርስ ወይም የዕርቅ ሰነድ ነው። በሰነዱም ውስጥ የአገሩ ታላላቅ ሰዎች ስም በምስክርነት ተዘርዝሮ ይነበባል። በእኔ አስተያየት ይህ ደቃቅ ጽሑፍ ከሥዕሉ ባልተናነሰ ጥንቃቄ ሊጠበቅና ሊገለበጥ ይገባዋል።

አባቶቻችን ውላቸውን በወንጌል ላይ ያሰፈሩት ያለምክንያት አይደለም። የመንግሥት መዝገብ ቤት ባልነበረበት ዘመን ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የበለጠ የታመነ ስፍራ አልነበረም። መጽሐፉን ካህናት ይጠብቁታል፤ ውሉን የሚያፈርስ ሰው ደግሞ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ነው። ከውግዘቱ ጋር የምስክሮች ቃል ይታከልበታል። አለቃው፣ ገበዙ፣ ዳኛውና የአገር ሽማግሌው በስማቸው ይጠራሉ። ማኅተምና የጣት አሻራ በኋላ ዘመን የመጡ ናቸው፤ ቀድሞ ስሙን የሚጽፈው ብዙውን ጊዜ ጸሐፊው ነበር። ስለዚህ የምስክርነቱ ኃይል ያረፈው በቀለሙ ላይ ሳይሆን፣ ምስክሩ በጎረቤቱ ዘንድ በነበረው ክብርና ታማኝነት ላይ ነው።

ይህ ልማድ እጅግ የቆየ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ንጉሥ ላሊበላ የሰጠው የመሬት ስጦታ በላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም ወንጌልና በሽመዛና ደብረ ሊባኖስ ወንጌል ላይ ተጽፎ ይገኛል። ስለ ዛጔ ነገሥታት ከብዙ ዘመን በኋላ የተጻፉ ገድሎች አሉ፤ በዘመናቸው ከተጻፉት ጥቂት ማስረጃዎች መካከል ግን ዋነኞቹ እነዚህ የወንጌል ገጾች ናቸው።

ነገሩ የዋግን ሕዝብ በተለይ ይመለከተዋል። የዛጔ ሥርወ መንግሥት ካበቃ በኋላ ዘሮቹ «ዋግሹም» በሚል ማዕርግ ዋግን እንደገዙ በትውፊት ይነገራል፤ መቀመጫቸውም ሰቆጣ ነበረች። ከእነርሱም አንዱ ዋግሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። የገዢዎቹ ስም በታሪክ መጻሕፍት ተመዝግቧል። ሰቆጣን ከተማ ያደረጉት ግን እነርሱ ብቻ አይደሉም። አሞሌ ጨው ጭኖ የሚመጣው ነጋዴ፣ ገበያውን የሚዳኘው ሽማግሌ፣ በውቅሮ መስቀለ ክርስቶስና በሌሎችም አድባራት ያገለገለው ካህን ሁሉ ድርሻ ነበራቸው። የእነዚህን ሰዎች ስም ከዜና መዋዕል አታገኘውም፤ ፈልገህ የምታገኘው ከሰነድ ግርጌ ነው። በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መዛግብት ላይ በተደረገው ጥናት ሴቶች ባለርስት፣ ሻጭና ገዢ እንደነበሩ የታወቀው ከእንዲህ ያለው ጽሑፍ ነው።

«የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ካደረገ ወዲህ እነዚህ ሰነዶች ምን ይጠቅማሉ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ዛሬ በእነርሱ መሬት የሚጠይቅ የለም፤ ሊጠይቅም አይገባም። ዳሩ ግን ሰነዱ በፍርድ ቤት ዋጋውን ቢያጣ በታሪክ ፊት ዋጋው አልቀነሰም። እንዲያውም ሙግቱ ስለቀረ ያለፍርሃት ሊነበብ የሚችልበት ጊዜ አሁን ነው። ሌላው ደግሞ «የተቀደሰ መጽሐፍ ለውጭ ዓይን አይገለጥም» ይላል። ስጋቱ ይገባኛል፤ ስንቱ መጽሐፍ «ላንብበው» በሚል ሰበብ ወጥቶ ቀርቷል። ሆኖም መገልበጥ ማውጣት ማለት አይደለም። በ1960ዎቹ በቤተ ክርስቲያኒቱ ፈቃድ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ከ9 ሺህ የሚበልጡ መጻሕፍትን በፊልም ሲቀርጽ መጻሕፍቱ ለባለቤቶቻቸው ይመለሱ ነበር።

ሳይገለበጥ የጠፋ ግን የሚመልሰው የለም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ወደ ሎንዶን ከወሰዳቸው 350 ያህል ብራናዎች ብዙዎቹ የጎንደር አድባራት ንብረት ነበሩ። ከእነርሱም ጋር የጎንደር ምስክሮች ስም ባሕር ተሻገረ። ዛሬም አንዱን ቅጠል ቆርጦ ለእንግዳ የሚሸጥ እጅ አለ፤ የሚቆርጠውም ሥዕሉን ፈልጎ ሲሆን በጀርባው ያለው ውል አብሮ ይሄዳል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ዋግ ኽምራ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሰው ቀዬውን ለቆ ተሰደደ። ሰው እግር አለው፤ መጽሐፍ ግን በተቀመጠበት ይቃጠላል፣ ይዘረፋል ወይም ይበሰብሳል።

ስለዚህ የሚከተለው እንዲደረግ አሳስባለሁ። እያንዳንዱ ደብር በካህናቱና በምእመናኑ ፊት ሰነዶቹን ያስመዝግብ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅም ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል። ገጾቹ ከስፍራቸው ሳይርቁ በፎቶግራፍ ይነሡ፤ አንዱ ቅጂ በደብሩ፣ አንዱ በዞኑ የባህል መሥሪያ ቤት፣ ሌላው በአገር አቀፉ ቤተ መዛግብት ይቀመጥ። መጽሐፉ ራሱ ግን ከደብሩ አይውጣ። አንተም፣ ተማሪ እንደ መሆንህ፣ አያቶችህን ስለ ቀድሞ አለቆችና ዳኞች ጠይቅ፤ የሚነግሩህንም በቀኑ ጻፈው። በሰነዱ ላይ ያለው ስም ማን እንደነበረ የሚናገር ሰው ካለፈ ጽሑፉ ቢተርፍም ግማሽ ነገሩ ጠፋ ማለት ነው።

ምስክሮቹ ስማቸውን ያስጻፉት ከሞቱ በኋላም ቃላቸው እንዲጸና ብለው ነው። ያንን ቃል የመጠበቅ ግዴታ አሁን በእኛ ላይ ወድቋል።