ወይ ተዉት፣ ወይ ከነከረጢቱ አውጡት

ጀርባዬ ላይ ስምንት ዓመት ሙሉ የባቄላ ፍሬ የምታህል እብጠት ነበረችኝ። አታምም፣ አታሳክክም፤ ሸሚዝ ስቀይር እጄ ካልነካት ትዝም አትለኝ። አንድ የፋሲካ ሰሞን ታላቅ እህቴ አየቻትና «ይሄ እኮ ብጉር ነው፣ ና ላፍርጥልህ» አለችኝ። እኔም ጀርባዬን ሰጠኋት። ያቺ አምስት ደቂቃ አንድ ዓመት ሙሉ አሰቃየችኝ።

እህቴን ልወቅስ አይደለም የምጽፈው። ጀርባውን የሰጠው እኔ ነኝ። ጠቤ ከልማዳችን ጋር ነው፤ ሰውነት ላይ ያበጠ ነገር ባየን ቁጥር ካልጨመቅነው እንቅልፍ የማይወስደን ነገር።

እስቲ መጀመሪያ ምን እንደሆነች እንወቅ። ሐኪሞች ኤፒደርሞይድ ሲስት ይሏታል። ከቆዳ ሥር የተቀመጠች ትንሽ ከረጢት ናት፤ ግድግዳዋ ራሱ ከቆዳ ሕዋስ የተሠራ ነው። ቆዳ ደግሞ ሁልጊዜ የሞተ ሕዋሱን ያራግፋል። ከላይ ያለው በውኃና በልብስ ይሄዳል፤ ከረጢቷ ውስጥ ያለው ግን መውጫ ስለሌለው ይጠራቀማል። ሲጨመቅ የሚወጣው አይብ የመሰለና የሚሸት ነገር መግል አይደለም፣ ሞራም አይደለም። በአብዛኛው ኬራቲን ነው፤ ጥፍርና ፀጉራችን የተሠራበት ነገር።

አሁን አስቡት። ስትጨምቋት ይዘቱ ይወጣል፣ ፋብሪካው ግን እዚያው ይቀራል። ቆይቶ እንደገና ይሞላል። ይህ እንግዲህ ዕድለኛ ከሆናችሁ ነው። ካልሆናችሁ ግድግዳዋ ወደ ውስጥ ይፈነዳል። ሰውነት የፈሰሰውን ኬራቲን እንደ ባዕድ ነገር ይዋጋዋል፤ ቦታው ይቀላል፣ ይግላል፣ ይጠዘጥዛል። የእኔዋ ባቄላ በአራት ቀን እንቁላል አከለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ክሊኒክ ሄድኩ። በሱት፣ አፈሰሱት፣ ፋሻ አሰሩልኝ፣ ከፈልኩ። እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለበትም። የተቆጣ ሲስት በዚያው ዕለት ከሥሩ ይነቀል አይባልም፤ ግድግዳው ስለሚበጣጠስ ቁራጩ ይቀራል። ጥፋቱ የመጣው በር ላይ ነው። «በቃ፣ ድነሃል» ብለው ሸኙኝ። «ቁጣው ሲበርድ፣ ከአንድ ወር ወይም ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ተመለስ፣ ከረጢቱ ይወጣል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ነፈጉኝ። በአምስተኛው ወር ተመልሳ መጣች። እንደገና ተበሳሁ፣ እንደገና ከፈልኩ። ከሥራም ቀረሁ።

በሦስተኛው ያገኘሁት ቀዶ ሐኪም ቁጣው እስኪበርድ አስጠብቆኝ ነበር። ሥራው ግማሽ ሰዓት ያህል ነው የፈጀው። የማደንዘዣዋ መርፌ ትቆጠቁጣለች፤ ከዚያ በኋላ መጎተት እንጂ ሕመም አልተሰማኝም። ከረጢቷን ከነቀዳዳዋ ፈልቅቆ አወጣና ሰፋኝ። በ12ኛው ቀን ክሩ ወጣ። ያወጣውን አልጣለውም፤ ለፓቶሎጂ ላከው። «ሳይነካካ መጥተህ ቢሆን ጠባሳህ ግማሹን ባከለ ነበር» አለኝ።

«ታዲያ እብጠት ያለው ሁሉ ይቀደድ?» የሚለኝ አይጠፋም። የለም! ሐኪም አይቶ ሲስት ነው ካለ፣ ካላስቸገረችሁ፣ ዕድሜ ልካችሁን ይዛችኋት መኖር ትችላላችሁ። ቀዶ ሕክምናም የራሱ ዋጋ አለው፤ ጠባሳ ይተዋል። በተለይ ኬሎይድ የሚያወጣ ቆዳ ያለው ሰው ደረቱንና ትከሻውን ከማስነካቱ በፊት ደግሞ ያስብ። ግን መተው ማለት መተው ነው። መርፌ በክብሪት አግሎ መውጋት መተው አይደለም። ነጭ ሽንኩርት ማሰርም መተው አይደለም፤ ሽንኩርቱ ቆዳውን ያቃጥላል እንጂ ከረጢቱን አያሟሟም።

ሌላው ደግሞ «ካላመመኝ ለምን ልታይ?» ይላል። ወገኔ፣ አለማመም የጤና ምስክር ወረቀት አይደለም። አደገኛ ዕጢም ሲጀምር ላያምም ይችላል። በፍጥነት የሚያድግ፣ የጠጠረና ከቦታው አልነቃነቅ ያለ፣ የቆሰለ፣ ከአምስት ሴንቲ ሜትር ያለፈ፣ ወይም አንገት፣ ብብት፣ ጡትና ብሽሽት ላይ የወጣ እብጠት ካላችሁ ቀጠሮ አታብዙ። የሕፃን ልጅ አፍንጫ ወይም ቅንድብ ላይ ያለውንማ ጭራሽ እንዳትነኩት፤ አንዳንዱ ሥሩ ወደ ራስ ቅል ውስጥ ይዘልቃል።

ለባለሙያዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ወረፋው ብዙ፣ ጊዜው ጥቂት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን «ከረጢቱ ገና አልወጣም» ለማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? በሽተኛው ያልተነገረውን ከየት ያመጣዋል? እናንተም አንባቢዎቼ፣ ስትታከሙ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከረጢቱ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል? ካልወጣ መቼ ልመለስ? የወጣው ነገር ለምርመራ ይላካል? መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ከፍላችሁበታል፣ ሰውነቱም የእናንተ ነው።

እህቴ አሁን የባሏ አንገት ላይ አንዲት አግኝታለች። ባለፈው እሁድ ቡና ስንጠጣ ዓይኗን ጣል፣ እጇን ሰብሰብ ስታደርግ አየኋት። በማግስቱ ይዛው ሐኪም ቤት ሄደች። እኔ ጠባሳ ከፍዬ የተማርኩትን እናንተ በነፃ ውሰዱት፤ እጁ ለማያርፍ ዘመዳችሁም አድርሱለት።