አውራጁና ተቀባዩ፦ ዘፈን በገዳሪፍ ጠረፍ

ሙዚቃ በአንድ ኅብረተሰብ ኑሮ ውስጥ ያለው ድርሻ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በመዝናኛነቱ ነው። ሠርግ ያደምቃል፣ ድካም ያስረሳል፣ ለሐዘንተኛም እንባ ማፍሰሻ ይሆናል ተብሎ ይታለፋል። ነገሩን ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ግን ሕዝብ በዘፈን ከመደሰት አልፎ በዘፈን ይደራጃል፤ በዘፈን ይደፍራል፤ በዘፈንም ይሳሳታል። ለዚህ አባባል ከገዳሪፍ እስከ ገላባትና መተማ የተዘረጋው ጠረፍ በቂ ማስረጃ ይሰጠናል።

ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር ናት። በ1937 ዓ.ም. ገደማ በገደምበሊያ የትራክተር እርሻ ከተጀመረ ወዲህ አረምና አጨዳ በደረሰ ቁጥር ብዙ የሠራተኛ እጅ ስትሻ ቆይታለች። ከኢትዮጵያም በኩል ከጎንደርና ከትግራይ የተነሣ የቀን ሠራተኛ ጠረፉን እየተሻገረ በዚያ ላቡን ሲያፈስ ኖሯል። እኛ ደቦ የምንለውን የሥራ ኅብረት ሱዳናውያን ነፊር ይሉታል። በደቦም ሆነ በነፊር አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ማጭዱም በዜማው ልክ ይሄዳል። አውራጁ ብቻውን ሥራውን አይጨርስም፤ ተቀባዩም ያለ አውራጅ አንድ ላይ አይተነፍስም። ሙዚቃ ኅብረተሰብን የሚቀርጽበት ምስጢር የሚጀምረው ከዚህ ተራ ከሚመስል ልማድ ነው። ብቻውን የነበረ ሰው ድምፁን ከጎረቤቱ ድምፅ ጋር ሲያስተካክል የብዙዎች አካል መሆኑን ያውቃል።

በጠረፉ ግራና ቀኝ ያለውን ሕዝብ ጆሮ የሚያቀራርብ ሌላም ነገር አለ። የሰሜንና የመካከለኛው ሱዳን ዜማ እንደ ትዝታችንና እንደ ባቲያችን በአምስት ድምፅ የተቃኘ ነው፤ በዚህም ከካይሮና ከባግዳድ ዜማ ይለያል። የቤጃው ባሰንኮብ፣ የኑብያው ኪሲርና የእኛ ክራር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ጥላሁን ገሠሠ አማርኛ በማያውቅ የካርቱም አድማጭ ዘንድ የተወደደው፣ ሰይድ ኸሊፋና መሐመድ ወርዲም ዓረብኛ በማይሰማ የአዲስ አበባ አድማጭ ዘንድ የተከበሩት በዚህ ምክንያት ነው። ወርዲ እ.ኤ.አ. በ1994 በአዲስ አበባ ያሰማው ዝግጅት ተቀርጾ እስከ መውጣት ደርሷል። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በወደቁበት በመተማ በር፣ ጦር ባለፈበት መንገድ፣ ዜማም ሲመላለስበት ኖሯል ማለት ነው።

ይህ ኃይል ወደ አደባባይ ሲወጣ ምን እንደሚሠራ የሱዳን ታሪክ ያሳያል። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. የካርቱም ተማሪዎችና ሠራተኞች ተነሥተው የጄኔራል ዓቡድን አገዛዝ ሲጥሉ፣ ወርዲ ያንን ቀን ያወደሰባቸው መዝሙሮች ለትውልድ ተላለፉ። ዘፋኙም ከፍሎበታል፤ በኑሜሪ ዘመን ታስሯል፤ ከ1981 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት በኋላም በስደት ኖሮ አገሩ የገባው በ1994 ዓ.ም. ነበር። ዘፋኙ ኮጀሊ ዑስማን ደግሞ በ1987 ዓ.ም. በኦምዱርማን፣ በድምፃውያን ክበብ ውስጥ፣ በስለት ተገደለ። ዘፈን ተራ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ እስር ቤትና ስለት ባልተከተለው ነበር።

በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. የዳቦ መወደድ ሕዝቡን ሲያስነሣ ገዳሪፍ ከአትባራ ቀጥሎ ወዲያው ከተነሡትና ልጆቻቸው ከወደቁባቸው ከተሞች አንዷ ሆነች። በዚያው ዓመት በመጋቢት መጨረሻ ዓላእ ሳላሕ የተባለች ወጣት በካርቱም ከመኪና ጣሪያ ላይ ቆማ፣ ነጭ ቶብ ለብሳ፣ ግጥም ስታወርድ በዙሪያዋ የነበረው ሕዝብ በአንድ ቃል «ሰውራ» እያለ ይቀበላት ነበር። ሰውራ ማለት አብዮት ነው። በማሽላው እርሻ ላይ የምናውቀው አውራጅና ተቀባይ በአደባባይ ታየ። የኦማር አል በሽር ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው አገዛዝም በሚያዝያ 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደቀ።

ታዲያ መዝሙር እንጀራ ይሆናል ወይ የሚል ሙግት መነሣቱ አይቀርም። ከጥቅምቱ ድል በኋላ በግንቦት 1961 ዓ.ም. ወታደሩ ተመልሷል፤ ከ2011ዱ ድል በኋላም ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሱዳን በራሷ ጦሮች ተቃጥላለች። ሙግቱ እውነትነት አለው። ዘፈን ሕግ አያረቅም፣ ጎተራ አይሞላም። የሚችለው የፈራውን ሰው ብቻህን አይደለህም ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የአስተዋዮችና የታማኞች ነው።

ከዚህ የሚከፋው ግን ያው ኃይል ለጥፋትም መታዘዙ ነው። የእኛ ቀረርቶና ፉከራ፣ የምዕራብ ሱዳን ሐካማት የሚባሉት ሴቶች ዘፈን፣ ሰላማዊውን ገበሬ ለጦር ሲያስነሡ ኖረዋል። በ2013 ዓ.ም. በአል ፋሻጋ የእርሻ መሬት ሳቢያ ተኩስ ሲከፈት ጎረቤቱን በጠላትነት የሚያይ ፉከራ አድማጭ አላጣም። በዚያው ዓመት እኮ ከትግራይ ጦርነት የሸሸ ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ ምሥራቅ ሱዳን ተቀብሎት ነበር፤ በ1977 ዓ.ም. የረኃቡን ስደተኛ ያስጠጋው ኡም ራኩባ ዳግመኛ ድንኳን የተተከለበትም በዚያን ጊዜ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላ ደግሞ ሱዳናዊው በተራው ልጁን አዝሎ በገላባት በኩል መተማ ገባ። የዛሬው አስተናጋጅ የነገ እንግዳ በሆነበት ጠረፍ ጎረቤትን የሚሰድብ ዘፈን የገዛ ራስን መጠጊያ ያፈርሳል።

ስለዚህ ኃላፊነቱን በዘፋኙ ጫንቃ ላይ ብቻ መጣል ተገቢ አይሆንም። ዘፋኝ ይመከራል፣ ይወቀሳል፤ በትእዛዝ የሚዘፍን ግን ከልብ አይቀበሉትም፤ ከልብ የሚዘፍነውን በእስር ዝም ማሰኘትም ከንቱ መሆኑን ከላይ አይተናል። ፍርዱ ያለው በተቀባዩ እጅ ነው። ሠርግ የሚደግሰው አባወራ፣ በጠረፍ ከተማ ቴፑን የሚከፍተው ባለ ሻይ ቤት፣ አውቶቡስ የሚነዳው ሾፌር፣ ዘፈኑን በስልኩ ለወዳጁ የሚልከው ወጣት፣ እያንዳንዳቸው ተቀባዮች ናቸው። የሥራን፣ የፍቅርንና የነፃነትን ዜማ ከየትኛውም ወገን ቢመጣ ይቀበሉ፤ ደም የሚጠራው ሲመጣ አፋቸውን ይዝጉ። ተቀባይ ያጣ አውራጅ ሁለተኛውን ስንኝ አይደግምምና።