ከደሙ በፊት እውነቱ

ደም መለገስ በጎ ሥራ መሆኑን የማያውቅ ወጣት ዛሬ አይገኝም። ይሁን እንጂ የለጋሹ ልብ ቀና ስለ ሆነ ብቻ ደሙ ከበሽታ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። የጉበት በሽታ የሚያመጣ ቫይረስ ባለቤቱን ሳያሳምመው ብዙ ዓመት ተደብቆ ሊኖር ይችላልና።

በዚህ ረገድ የአሜሪካ ሐኪሞች ጥናት ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት፣ ቤቴዝዳ በሚገኘው የመንግሥት የምርምር ሆስፒታል ልባቸውን በቀዶ ጥገና ታክመው ደም ከተሰጣቸው 100 በሽተኞች ውስጥ 30 ያህሉ በጉበት በሽታ ይያዙ ነበር። ከደሙም ብዙው በገንዘብ የተገዛ ነበር። በ1970 ሆስፒታሉ ግዢውን ትቶ በፈቃደኞች ደም ብቻ ሲጠቀምና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ሲጀምር፣ ቍጥሩ ወደ 10 ገደማ ወረደ። ዶክተር ሃርቬይ አልተርና ባልደረቦቻቸው እንደ ተረዱት፣ ለዚህ ውጤት ከምርመራው ይበልጥ የረዳው የግዢው መቅረት ነው። ደሙን የሚሸጥ ሰው በሽታውን የሚሰውርበት ምክንያት አለውና።

ፈቃደኛው ለጋሽስ የሚሰውረው ነገር የለውምን? ነገሩ እኛን የሚነካው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን የተለገሰ ደም ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝም ይመረመራል። ነገር ግን ቫይረሱ ሰውየውን በያዘው ሰሞን ምርመራው ላያገኘው ይችላል። ይህን ክፍተት የሚያጠበው ከመለገስ በፊት ለሚቀርበው ጥያቄ የሚሰጠው እውነተኛ መልስ ነው። እንግዲህ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ጋር ተሰልፎ፣ «ሰው ምን ይለኛል» በማለት እውነቱን የሚሸሽግ፣ ወይም ራሱን በነፃ ለማስመርመር ብሎ ብቻ ክንዱን የሚዘረጋ ሰው፣ ለማያውቃት ወላድ ስጦታ ሳይሆን መከራ ሊያቀብላት ይችላል። መመርመር የሚሻ ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ጥፋቱን ግን በእርሱ ላይ ብቻ አንጣል። ሳይለግስ ከሰልፉ የተመለሰውን ባልደረባ «ምን አግኝተውበት ይሆን?» እያልን የምንንሾካሾክ እኛ ነን። የደም ማነስም፣ የክብደት ጉድለትም፣ የሚወስደው መድኃኒትም ሊመልሰው ይችላል። ሐሜታችን ሰውን ወደ ሐሰት እንዳይገፋ አፋችንን እንሰብስብ፤ ይህም ራሱ ከልገሳ የሚቈጠር ነው።