አዲሷ ነርስ የመጀመሪያውን ዓመት ብቻዋን እንዳትወጣው

በአል ዐይን ሰናይያ፣ ጋራዦችና የብረታ ብረት መሥሪያዎች በተደረደሩበት የሥራ ሰፈር፣ የበጋው ሙቀት ሰውን የሚጥል ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ መንግሥት ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ ከቀኑ 6:30 እስከ 9:00 ሰዓት በግልጥ ፀሐይ ሥር መሥራትን የከለከለውም ለዚሁ ነው። ያም ሆኖ ራሱን ስቶ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚገባ ሠራተኛ አይጠፋም። እዚያ የምትቀበለው ነርስ ከኮሌጅ ከወጣች ገና ሦስት ወሯ ሊሆን ይችላል። ሰውነቱን በፍጥነት ማቀዝቀዝ እንደሚገባ ታውቃለች፤ ፈተናዋንም በጥሩ ውጤት አልፋለች። ማንን ቀድማ እንደምትጠራ፣ ቤንጋሊ ወይም ፓሽቶ ወይም አማርኛ ብቻ ከሚናገር ሕመምተኛ ጋር እንዴት እንደምትግባባ፣ የቀሩትን አልጋዎች ለማን አደራ ብላ እንደምትሄድ ግን በየትኛውም ፈተና አልተጠየቀችም።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርሊን ክሬመር እ.ኤ.አ በ1974 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ክፍተት «የእውነታ ድንጋጤ» ብላ ሰይማዋለች። ከዐሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ፓትሪሺያ ቤነር አንዲት ነርስ ከጀማሪነት ተነሥታ ሊቅ እስክትሆን የምታልፍባቸውን አምስት ደረጃዎች ለይታ አሳየች። ልዩነቱን ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። የሕመምተኛው ትንፋሽ በደቂቃ ከ18 ወደ 26 ሲያሻቅብ የደም ግፊቱ ገና ደኅና ሊሆን ይችላል። ጀማሪዋ ሁለቱንም ቁጥሮች በትክክል ትመዘግባለች። ነባሯ ግን መዝገቡን አስቀምጣ ሐኪም ትጠራለች።

ይህ ዓይነቱ ዕውቀት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ጎን ለጎን ቆሞ በመሥራት ነው። በእስልምና ታሪክ በነርስነት ቀድማ የምትጠቀሰው ሩፈይዳ አል አስለሚያ (ረ.ዐ) በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰሉትን፣ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝንም (ረ.ዐ) ጭምር፣ በመስጂዱ ዘንድ በተተከለው ድንኳኗ ታክም ነበር። ሌሎች ሴቶችንም እዚያው ሥራው ላይ ታሠለጥን እንደነበር ይነገራል።

ዛሬም ለአዲስ ተመራቂ «ፕሪሴፕተር» የምትባል አለማማጅ ነርስ መመደብ በብዙ ሆስፒታሎች የተለመደ ነው። ችግሩ ያለው ከምደባው በኋላ ነው። አለማማጇ እንደ ወትሮው የራሷን ሕመምተኞች ሁሉ ይዛ፣ በዚያ ላይ ተማሪ ይጨመርላታል። ጀማሪዋም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በተረኞች ዝርዝር ላይ እንደ ሙሉ ሠራተኛ ትቆጠራለች። በወረቀት ላይ ሥልጠና አለ፤ በክፍሉ ውስጥ ግን ሁለት የደከሙ ሰዎች ብቻ አሉ። ኢንሱሊን፣ ሄፓሪን ወይም ፖታሲየም የመሰለ ጥንቃቄ የሚሻ መድኃኒት በሌላ ነርስ ዐይን ተረጋግጦ መሰጠት ሲገባው፣ የምታረጋግጠው ሰው ሌላ ክፍል ውስጥ ተይዛለች። በሌሊት ሐኪም መቀስቀስን የፈራች ጀማሪ እስኪነጋ ትጠብቃለች። ሕመምተኛው ግን ላይነጋለት ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2023 በዓለም 29.8 ሚሊዮን ነርሶች ነበሩ፤ ጉድለቱም 5.8 ሚሊዮን ነበር። ይህን ያህል በጎደለበት ዓለም የሠለጠነችን ነርስ በመጀመሪያው ዓመቷ አስደንግጦ ከሙያው ማስወጣት ከብክነት ሁሉ የከፋ ብክነት ነው።

አቡዳቢና አል ዐይን በዚህ ረገድ መሠረቱ አላቸው። የተዋም ሆስፒታል ከ1979 ጀምሮ አል ዐይንን ሲያገለግል ቆይቷል። የፋጢማ የጤና ሳይንስ ኮሌጅም ከ2006 ወዲህ ነርሶችን ያፈራል። በ2021 ይፋ የሆነው የናፊስ ፕሮግራም በበኩሉ 10 ሺህ ዜጎችን በጤና ዘርፍ ለማብቃት አቅዶ ተነሥቷል። እነዚህ ተመራቂዎች ሁሉ የሚያርፉት በነባሮቹ፣ ማለትም ከሕንድ፣ ከፊሊፒንስና ከሌሎች አገሮች በመጡት ነርሶች ትከሻ ላይ ነው።

የኢትዮጵያዊቷ ተመራቂ ጉዳይ ከዚህ የባሰ ነው። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ የመውጫ ፈተና ትወስዳለች፤ ለሙያ ፈቃድም የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና ይጠብቃታል። ሁለቱን አልፋም ሥራ ሳታገኝ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ፤ እጇም ሥራውን ይረሳል። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ብታማትር፣ ዳታፍሎው ማስረጃዋን ከምንጩ ከማጣራቱ ባሻገር የሆስፒታል የሥራ ልምድ ትጠየቃለች። ልምዱን እንዳታገኝ ያደረጋት ሥራ ማጣቷ፣ ሥራ እንዳታገኝ የሚያደርጋት ደግሞ ልምድ ማጣቷ ነው። ዲግሪዋን በሻንጣዋ ይዛ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትቀር አለች። መስፈርቱ ራሱ ስሕተት አይደለም፤ ሕመምተኛን የሚጠብቅ ነው። የጎደለው ያንን የመጀመሪያ ዓመት በክትትል የምታሳልፍበት ቦታ ነው። በአገር ቤት ያሉ የሪፈራል ሆስፒታሎች ለተመራቂዎች ደመወዝ ያለው የአንድ ዓመት የልምምድ ቅጥር ቢከፍቱ፣ ተጠቃሚው በመጀመሪያ የራሳቸው ሕመምተኛ ይሆናል።

እዚህም ሆነ እዚያ የሚያስፈልገው ውስብስብ አይደለም። አለማማጇ በምታለማምድበት ወቅት የምትይዛቸው ሕመምተኞች ይቀነሱላት፤ ጀማሪዋ ብቃቷ ሳይረጋገጥ ለሌሊት ፈረቃ ብቻዋን አትመደብ፤ «አላውቅም» ማለቷም በአፈጻጸም ምዘናዋ ላይ አይቆጠርባት። ከአለማማጇ የተነሡት ሁለት ወይም ሦስት አልጋዎች በሌላ ነርስ መሸፈን ስላለባቸው ገንዘብ ይጠይቃል፤ ብዙ ሆስፒታሎች የሚያመነቱትም እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ወጪው ከክፍሉ ኃላፊ በጎ ፈቃድ ወጥቶ፣ ከመድኃኒትና ከመሣሪያ ግዢ እኩል በዓመታዊው በጀት ላይ በራሱ መደብ ሊያዝ ይገባል።