ማጀቱ ለማን ተተወ?

በየዓመቱ የካቲት ሊወጣ ሲል በየመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ አንድ መፈክር ይሰቀላል፤ «ሴቶች ከማጀት ወደ አደባባይ»። በቲሸርት ላይ ይታተማል፣ በሬዲዮ ይደጋገማል፣ የሥልጠና መክፈቻና የባለሥልጣን ንግግር መዝጊያ ይሆናል። ዘንድሮም ተሰቀለ፣ ዘንድሮም ተጨበጨበለት። ካጨበጨቡት መካከል አንድ ቀላል ጥያቄ ያነሳ ግን አልተሰማም። ሴቲቱ አደባባይ ስትወጣ ማጀት የቀረው ማን ነው? ወጡን ማን ሠራ? ጡት ያልጣለውን ሕፃን ማን ያዘ? አልጋ የያዙትን አያት ማን አገላብጦ አጠባቸው?

መልሱ በአዲስ አበባ በየግቢው አለ። ደላላ ከመናኸሪያ ተቀብሎ ያስቀጠራት፣ ከጎጃም ወይም ከወሎ ወይም ከወላይታ የመጣች፣ ብዙ ጊዜ ሃያ ዓመት እንኳ ያልሞላት ልጅ ናት። ከሁሉ ቀድማ ትነሳለች፣ ከሁሉ በኋላ ትተኛለች። ሠራተኛ የመቅጠር አቅም በሌለበት ቤት ደግሞ መልሱ ራሷ እናትየው ናት፤ ቀን አደባባይ ውላ ማታ ማጀት ትገባለች። የሁለቱም ድካም በመፈክሩ ውስጥ ቦታ የለውም።

ሴት ዳኛ፣ ሐኪም፣ ሚኒስትር መሆኗ ተገቢ ነው፤ ለዚህ የተከፈለው ትግልም ክብር ይገባዋል። የሚያስቆጣው ለሴት እቆማለሁ የሚለው እንቅስቃሴ ማጀትን የሚሸሹት ስፍራ ብቻ አድርጎ መሳሉ ነው። እዚያ የሚሠራው ሥራ ካልተሠራ አገር አንድ ቀን አታድርም። መፈክሩ ሸክሙን ለወንዱም ለመንግሥትም ማካፈል ሲገባው፣ ከአንዷ ትከሻ አንስቶ ድምፅ በሌላት በሌላዋ ትከሻ ላይ ይጭነዋል።

«ቤት ነው የምትውለው፣ አትሠራም» የሚል ባል ሲያጋጥማቸው ተሟጋቾቹ ይቆጣሉ፤ ቁጣቸውም ትክክል ነው። በየሥልጠናው የቤት እመቤቷን «አምራች ዜጋ እናድርጋት» ሲሉ ግን የባልየውን ፍርድ ራሳቸው ያጸኑታል። እስከ ዛሬ ምን ስትሠራ ነበር ሊሏት ነው?

አንድ እንጀራ ገበታ ላይ እስኪደርስ ያለውን ሥራ መቁጠር ይቻላል። ጤፉ ይነፋል፣ ይፈጫል፣ እርሾ ተጨምሮበት ይቦካል፣ አብሲት ይጣልለታል፣ ምጣዱ በጎመን ዘር ይታሰሳል፣ ጭሱን ችላ አጠገቡ የምትቆም ሰው ታስፈልጋለች። በአዲስ አበባው የለሚ እንጀራ ፋብሪካ ይህን የምትሠራ ሴት ደመወዝ አላት፣ ሠራተኛ ትባላለች፣ የሥራ ዕድል ተፈጠረላት ተብሎ በዜና ትነገራለች። ያችው ሴት ማታ ቤቷ ገብታ ለባሏና ለልጆቿ ስትጋግር ሠራተኛ የሚላት የለም። ዱቄቱ ያው፣ እጁ ያው፣ ድካሙም ያው ነው።

ይህ አድልዎ የመንደር ወሬ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ የአገር ሀብት የሚለካበት ሕግ ውስጥ ተጽፏል። በተባበሩት መንግሥታት የብሔራዊ ሒሳብ ሥርዓት እ.ኤ.አ. የ1993 እትም መሠረት፣ አንዲት ሴት ለቤቷ የቀዳችው ውኃና የለቀመችው እንጨት እንደ ምርት ሊቆጠር ይችላል። ምግብ ማብሰሏ፣ ልጅ ማሳደጓ፣ በሽተኛ ማስታመሟ ግን ከምርት ወሰን ውጭ ነው። ለዚሁ ሥራ ሠራተኛ ብትቀጥር የሠራተኛዋ ደመወዝ ይቆጠራል። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አርተር ፒጉ ከመቶ ዓመት በፊት ይህን ጉድለት አይቶታል፤ አንድ ሰው የቤት ሠራተኛውን ቢያገባት፣ የምትሠራው ሳይቀነስ የአገሪቱ ገቢ በሒሳብ እንደሚቀንስ አስተውሏል። እ.ኤ.አ. በ1934 ማርጋሬት ሪድ የተባለችው የኢኮኖሚ ባለሙያ መለኪያውን አቀረበች፤ ሌላ ሰው ተከፍሎት ሊሠራልህ የሚችል ማንኛውም የቤት ሥራ ምርት ነው አለች። የኒውዚላንዷ የፓርላማ አባል የነበረችው ማሪሊን ዋሪንግ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው መጽሐፍ የሒሳብ ሥርዓቱን ከሥሩ ሞገተችው። እ.ኤ.አ. በ2013 ጄኔቫ የተሰበሰቡት የዓለም የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ሳይቀሩ ያለ ክፍያ የሚሠራው የቤት ሥራና እንክብካቤ «ሥራ» መሆኑን በውሳኔ አጽድቀዋል። ከአገራችን የሴቶች መብት ተሟጋች ይጠበቅ የነበረውን የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ቀድመው አደረጉት።

ቁጥሩም የተደበቀ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ ጥናት በተደረገባቸው 64 አገሮች ሰዎች በየቀኑ 16.4 ቢሊዮን ሰዓት ያለ ክፍያ በእንክብካቤ ሥራ ያሳልፋሉ፤ ከዚህም ሦስት አራተኛ የሚበልጠውን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳስታወቀው በእንክብካቤ ኃላፊነት ምክንያት ከሥራ ገበያ ውጭ የሆኑት ሴቶች 708 ሚሊዮን ሲሆኑ ወንዶቹ 40 ሚሊዮን ናቸው። የኢትዮጵያ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ2013 የጊዜ አጠቃቀም ጥናት አካሂዷል፤ ሴትና ወንድ ሃያ አራት ሰዓታቸውን በምን እንደሚያሳልፉ ቤት ለቤት ተጠይቋል። ይህን ጥናት ይዞ መድረክ ላይ የሚቆም ተሟጋች ብርቅ ነው። የሚጠቀሰው የፓርላማ መቀመጫ መቶኛ ነው።

መዘዙን ለማየት 2011 ዓ.ም.ን ማስታወስ ይበቃል። በጥቅምት ወር የሚኒስትሮች ምክር ቤት ግማሹ ሴቶች ሆነ። ሣህለወርቅ ዘውዴ ርዕሰ ብሔር፣ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው የተሾሙትም በዚያው ወር ነው። እልልታው የሚገባ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ፓርላማው አዲሱን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አጸደቀ። አዋጁ ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ፈቃድ ሰጠ። ይህ መልካም ነው። ለአባት የሰጠው ሦስት ቀን ነው።

ሦስት ቀን! በሦስተኛው ቀን አራሷ ገና በቅጡ አልቆመችም፣ ሕፃኑ ጡት መያዝ እየተማረ ነው። ሕግ አውጪው ለአባትየው ያለው ነገር ግልጽ ነው፤ ልጅህን መንከባከብ ያንተ ሥራ አይደለም፣ እይና ተመለስ። የቀረው ሁሉ በአራሷ፣ በእናቷ፣ በእህቷ ወይም በተቀጠረችው ልጅ ላይ ይወድቃል። ስለ ሹመቱ ቀናት ሙሉ የተናገሩት አንደበቶች ስለ ሦስቱ ቀን ዝም አሉ።

የባሰው ደግሞ የተቀጠረችው ልጅ ጉዳይ ነው። ያው አዋጅ ለትርፍ ላልሆነ የግል አገልግሎት የሚደረግን ቅጥር ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል። የስምንት ሰዓት ሥራ፣ የሳምንት ዕረፍት፣ የዓመት ፈቃድ፣ የወሊድ ፈቃድ ሲዘረዘር የቤት ሠራተኛዋ አልነበረችበትም። የሚጠብቃት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ አሠሪዋ ጤናዋንና ሞራሏን እንዲጠብቅ ከሚነግሩ ጥቂት አንቀጾች አያልፍም። በአደባባይ የቆሙት ሴቶች የማጀቷን ሴት ጉዳይ አጀንዳ ለማድረግ ከዚያ የተሻለ ዓመት አልነበራቸውም። አለፉት።

መንግሥትም ቢሆን የሴትን ነፃ ጉልበት አጥብቆ ያውቀዋል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን በደመወዝ ቀጥሮ ወደ ቀበሌ አሰማራ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ከእነሱ ሥር «የሴቶች ልማት ሠራዊት» በአንድ ለአምስት ተደራጀ። እነዚህ የገጠር እናቶች ነፍሰ ጡር ይመዘግባሉ፣ ለክትባት ይቀሰቅሳሉ፣ ሽንት ቤት መቆፈሩን ይከታተላሉ፤ ደመወዝ የላቸውም። ኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ሞት ከ1990 እ.ኤ.አ. ጋር ሲነጻጸር በሁለት ሦስተኛ ቀነሰች ተብሎ ዓለም ሲያጨበጭብ የእነሱም ላብ በውስጡ ነበር። እንጨት ከለቀሙበትና ውኃ ከቀዱበት ሰዓት ላይ ተቀንሶ የተወሰደ ጉልበት ነው። ሰዓታቸው ዋጋ አለው ብሎ ክፍያ የጠየቀላቸው የሴቶች መድረክ የት አለ?

የቤት ሥራ ዋጋ የሚታየው ልጅቷ ለቤት ሠራተኝነት ባሕር ስትሻገር ነው። ጅዳ፣ ቤይሩት፣ ዱባይ ወይም ኩዌት ገብታ የሌላ ሰው ልጅ ስትይዝና የሌላ ሰው ወለል ስትወለውል የምትልከው ገንዘብ «የውጭ ምንዛሪ» ይባላል፤ ባንኮች በሽልማት ያግባቧታል። ስለ እሷ አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጥቷል። እናቷ ቤት ሳለች ይህንኑ ሁሉ ስትሠራ ማንም አልጻፈላትም። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሄዱ። ያ ሁሉ ንቀት ቤይሩት ላይ አልተወለደም። የቤት ሥራን ሥራ ያልሆነ ነገር አድርጋ ያሳደገቻት አገር ልጇን ውጭ አገር ልታስከብርላት አቅም አልነበራትም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ተሟጋቾቹ በቅጡ ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1972 ጣሊያን ፓዱዋ ላይ የሴቶች መብት ታጋዮቹ ሰልማ ጄምስ፣ ማሪያሮዛ ዳላ ኮስታ እና ሲልቪያ ፌዴሪቺ ለቤት ሥራ ደመወዝ ይከፈል የሚለውን ዘመቻ ሲጀምሩ ከኩሽና ተነስተው ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 24 ቀን 1975 የአይስላንድ ሴቶች ዘጠና በመቶ ያህሉ ቢሮውንም ምድጃውንም በአንድ ቀን ትተው ወጡ፤ አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ሥራ ገቡ፣ አገሪቱ ቆመች። በዓመቱ የእኩልነት ሕግ ወጣ፣ በአምስተኛው ዓመት ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲር ፕሬዚዳንት ሆና ተመረጠች። አርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ2021 ለእናቶች በየልጁ ቢያንስ የአንድ ዓመት የጡረታ መዋጮ ማሰብ ጀምራለች።

እዚህም ምሳሌ አለ። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የታገለለት፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ዘመን የተፈራውን ሀብት የጋራ አደረገ፤ ደመወዝ ያልነበራት ሚስት በፍቺ ጊዜ ግማሹን ይዛ ትወጣለች። በአማራ ክልል የመሬት ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፏል። እነዚህ ድሎች የተገኙት ማጀት ውስጥ ያለውን ልፋት ሀብት ነው ብሎ ከተከራከረ ትውልድ ነው። የዛሬው እንቅስቃሴ ያን ክርክር ጥሎ የሹመት ዝርዝር መቁጠር ይዟል።

የቤት ሠራተኛዋ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ትጠበቅ፣ የአባት ፈቃድ ከሦስት ቀን ወደ ወራት ይደግ፣ የሕፃናት ማቆያ በየወረዳው ይከፈት፣ ለልማት ሠራዊቷ እናት ይከፈላት፣ የእንክብካቤ ሥራ ዋጋ ከብሔራዊ ሒሳቡ ጎን በየዓመቱ ይታተም። ይህ ሁሉ ትግል፣ ረቂቅና በጀት ይጠይቃል። አንዱ ግን የማንንም ውሳኔ አይጠብቅም። መድረኩን ከሚያዘጋጁትና በመድረኩ ላይ ከሚናገሩት ብዙዎቹ ቤታቸው ሠራተኛ አላቸው። ከእሷ ጋር የጽሑፍ ውል ይፈራረሙ፣ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ያሳርፏት፣ የማታ ትምህርቷን ሰዓት አይንኩባት፣ ደሞዟን በስሟ በተከፈተ ሒሳብ ያስገቡላት። ይህን ያላደረገ ሰው በመጪው የካቲት ስለ ሴቶች ነፃነት ለመናገር ማይክሮፎን ሲይዝ፣ ከአዳራሹ መካከል አንድ ሰው ተነስቶ የሠራተኛውን ደመወዝና የዕረፍት ቀን ይጠይቀው።