ሮክ ነፋስ መውጫ ይድረስ
የባንዶቻችን የጉዞ ካርታ በደቡብ ጎንደር ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን መዝለሉ ይቆጨኛል። ዋሊያስ ባንድ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ድረስ ሄዶ ተጫውቷል፤ የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» አልበም ደግሞ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲውስ አድርጎታል። ሮክን ከአገር ዜማ ያጋባ ባንድ የጋይንቷ ነፋስ መውጫና የእስቴዋ መካነ ኢየሱስም መድረክ ሊተክል ይገባዋል። እዚህ ሙዚቃ ይዞ መዞር የአዝማሪ ኑሮ ነው፤ በጥርና በሚያዝያ ከሰርግ ሰርግ ይሄዳል፣ የማሲንቆውን ደጋን የፈረስ ጭራ በዕጣን ያሸዋል፣ ታዳሚ የወረወረለትን ግጥም እዚያው ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። አንድ ዜማ እንዲህ ሲረዝም የሚያመሽ አድማጭ ረጅም የጊታር ጨዋታ አይሰለቸውም። መንገዱ ሰላም ሲሆን ጄኔሬተርና ድምፅ ማጉያ የጫነ አይሱዙ ከደብረ ታቦር ጋይንት መድረስ አያቅተውም። አዝማሪውም ከጊታሪስቱ ጎን ይቁም፤ እኩል ይከፈለው።